ሦስት ደቂቃ

የጅቡቲው መንገድ ሳይግል አስፋልቱ፣
ከመጋዘኑ ደጅ ሣጥን አወረዱ፣ መጡና ሁለቱ።
ነጭ ጋዋን ለብሳ ሲስተር ኢፍቱ ቆማ፣
«ጫኝና አውራጅ ሁሉ ልቡ ይለካል» አለች፣ «ዛሬ በአዳማ።»

ሳቅን።
እኛ የምናውቀው ሚዛን ለኩንታል ነው፤
ልብን በምን ድንጋይ፣ በየትኛው ኪሎ ሊመዝኑት ነው?
ሞቱማ ቀለደ፦ «የኔን አትልፉ፣ አበድሬዋለሁ፤
ከሻይ ቤቷ ልጅ ዘንድ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

ሣጥኗን አየኋት። ቁመቷ አንድ ክንድ አይሞላም።
«ሦስት ደቂቃ ብቻ ውጣ ውረድ» አለችኝ፣ «ከባድ አይደለም።»
ሦስት ደቂቃ!
ይህ ጀርባ እኮ ነው፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣
ሲሚንቶም፣ ስንዴም፣ ማዳበሪያም ቢሉ፣
እሺ ብሎ ጎንበስ፣ እሺ ብሎ ቀና፣
ሳንቃው ከእግሩ ሥር ሲነዝር እንደ በገና።

ወጣሁ፣ ወረድኩ። ወጣሁ፣ ወረድኩ።
ያለ ሸክም መውጣት እንዲህ ይከብዳል ወይ? እጄን የት ላድርገው? አፈርኩ።

ኢፍቱ አንጓዬን ይዛ በሁለት ጣቶቿ፣
ትቆጥር ጀመረች፣ ሳይነቃነቁ ከንፈሮቿ።
እጄን የያዘ ሰው አልነበረም ከቶ፣
ተራዬን ሊቀማ፣ ጣቴን ቀለም ነክሮ ሊያስፈርም ካልሆነ መጥቶ።

«ሩጫ ትሮጣለህ?» አለችኝ ቀና ብላ።
«አዎ፣ ረዳቱን፤ ሒሳባችንን ሲበላ።»
«ልብህ የሯጭ ልብ ነው፤ ፈጥኖ ይመለሳል፣
ሥራውን ጨርሶ እንደሚገባ ሰው፣ በሩን ዘግቶ ያርፋል።»
ደረቴ ተነፋ። ለካ ልብ አለኝ!
አባቴ «ልብ የለህም» እያለ ነው እኮ ያሳደገኝ።

ቀጥላ ግን ቱቦ አፌ ላይ አኖረች፤
«ያለህን ሁሉ ንፋ፣ እስኪያልቅ ንፋ» አለች።
ነፋሁ።
ጠቋሚዋ ተነሣች፣ ትንሽ ተራመደች፣
እንደ ደከመ የጋሪ ፈረስ መሐል መንገድ ቆመች።
«እንደገና።»
ነፋሁ። እዚያው ቆመች።

ምን ይሉታል ይሄን? አዳማ ተቀምጦ፣
ቆርቆሮ ከሚስማር በሚነቅል ነፋስ ቀንና ሌት ተንጦ፣
አንድ ደረት ሙሉ ነፋስ ማጣት፣ ከሰው ሁሉ ተመርጦ?

«ሲሚንቶ ስትጭን አፍህን በምን ትሸፍናለህ?» አለች።
«በላብ» አልኳት። አልሳቀች።
ገባኝ። ተከራይ ገብቷል ከደረቴ ጓዳ፣
ግራጫ፣ ዝምተኛ፣ ኪራይ የማይከፍል፣ አልወጣም ባይ እንግዳ።

ዘወር ስል፣ ከኋላዬ የነበረው ጋሽ ወርዶፋ፣
ቱቦዋን አይቶ ሰልፉን ጥሎ ጠፋ።
አልፈረድኩበትም።
ሌሊት ሲያስል ሰምቼዋለሁ፣ አፉን በጆንያ አፍኖ፤
ማህበሩ ከሰማ ተራው ለጎረምሳ ነው፣ እሱ ትርፍ ሆኖ።
ሦስት ልጅ ያስተምራል በዚያው በእስትንፋሱ፤
ወረቀት ላይ ወጥቶ ቁጥር ቢሆንበት፣ ማን ይሆናል ዋሱ?

ከተሳቢው ጀርባ አገኘሁት፣ ጎማ ተደግፎ፤
እንዳየሁት አድርጌ አንጓውን ያዝኩለት፣ እጁን ጉልበቴ ላይ አሳርፎ።
ሰዓት የለኝም። በሚያልፉት ባጃጆች ለካሁት፤
ሰባት ባጃጅ ሲያልፍ ልቡ ስንቴ ዘለለ? ጠፋብኝ፤ አልደረስኩበት።
«ስንት ሆነ?» አለኝ።
«ብዙ» አልኩት።
ሲስተር የሰጠችኝን ጭንብል ከኪሴ አውጥቼ አቀበልኩት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ውል አለን፣ ያልተጻፈ፦
ከሳንቃው ጫፍ ስንደርስ፣ ጆንያው ከትከሻ ካለፈ፣
ቆመን ሦስት ጊዜ እንተነፍሳለን፣ በአፍንጫ፣ በዝግታ፣
ከንፈራችን ይንቀሳቀሳል፣ አንድ… ሁለት… ያለ ጫጫታ።
ባለመጋዘኑ፣ ያ ሦስት ደረጃ ወጥቶ የሚያለከልከው፣
«ምን ትቆጥራላችሁ እዚያ ላይ?» ይለናል፤ ከእሱ ድምፁ ነው የሚቀድመው።

«ጆንያ» እንለዋለን።